መመሪያው አለ፤ የት ነው ያለው?

እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ሴኔት የአረጋውያን ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ፣ በሴናተር ጆን ሃይንዝ ሰብሳቢነት፣ ከቆዳ ሥር የምትቀበር አንዲት ትንሽ መሣሪያ አጀንዳ አድርጎ ተቀመጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያዋ ፔስሜከር ናት፤ ምቱ የዘገየበትን ልብ በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሰች ታስተካክላለች። የአረጋውያኑን ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን ነውና፣ ሒሳቡ ሲከመር ጥያቄ ተነሣ፦ ይህ ሁሉ ሰው በእርግጥ ያስፈልገዋል ወይ? የኮሚቴው ሪፖርት ማጭበርበር፣ ብክነትና ያላግባብ መጠቀም የሚሉትን ቃላት በርዕሱ ላይ አስፍሮ ወጣ።

ጥያቄው ከንቱ እንዳልነበር ቆይቶ በቁጥር ታየ። ተመራማሪዎች በ1983 በፊላደልፊያ ካውንቲ፣ በ30 ሆስፒታሎች የተተከሉ 382 ፔስሜከሮችን ሰነድ አገላብጠው መረመሩ። በ1988 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ውጤት፣ በእርግጥ የሚያስፈልጉት 44 በመቶ፣ ምናልባት የሚያስፈልጉት 36 በመቶ፣ ጭራሽ የማያስፈልጉት 20 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከአምስት ሰው አንዱ ደረቱ ላይ ቢላ ያረፈው በከንቱ ነበር።

እዚያው አገር ሁለቱ ታላላቅ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት፣ የአሜሪካ ካርዲዮሎጂ ኮሌጅና የአሜሪካ የልብ ማኅበር፣ በመንግሥት ጠያቂነት በ1980 አንድ የጋራ ግብረ ኃይል አቋቁመው ነበር። የግብረ ኃይሉ የመጀመሪያ መመሪያ በ1984 ወጣ፤ ርእሱም ያው ፔስሜከር ነው። ያዘጋጀውን ንዑስ ኮሚቴ የመሩት የማዮ ክሊኒኩ ሮበርት ፍራይ ነበሩ። መመሪያው ሕሙማንን በሦስት ምድብ ከፈላቸው፦ መሣሪያው እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪሞች የተስማሙባቸው፣ አሁንም ክርክር ያለባቸው፣ እንደማያስፈልጋቸው ስምምነት ያለባቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ይህ አከፋፈል ዛሬም፣ ሁለተኛው ምድብ ለሁለት ተሰንጥቆና የትራፊክ መብራት የሚመስል ቀለም ተቀብቶ፣ በብዙ የልብ ሕክምና መመሪያዎች ላይ ይገኛል።

ያ የመጀመሪያ መመሪያ በመጽሔት ላይ ሲታተም የፈጀው ዘጠኝ ገጽ ነበር። ዘጠኝ ገጽ! ዛሬ የአዘጋጆቹ ስምና ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር ያላቸው የጥቅም ግንኙነት ዝርዝር ብቻውን ስንት ገጽ እንደሚበላ የሚያውቅ አንባቢ በቅናት ያየዋል። ዘጠኝ ገጽ ግን ዘጠኝ ገጽ ሆኖም ያኔ የሚገኘው መጽሔቱ ውስጥ ነበር። መጽሔቱ በፖስታ ቤት በኩል ለአባላት ይደርሳል፤ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ይፈልጋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ኮፒውን ጋወኑ ኪስ ውስጥ አጥፎ ይከታል። በሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ጥያቄው የሚመጣበት በሌሊት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ በሌሊት ዝግ ነው።

ዕውቀት ታትሞ እያለ ወደ ሕሙማን አልጋ ሳይደርስ የሚቆይበት ጊዜ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ከሁሉ በላይ ያሳየው በ1992 የወጣ ሥራ ነው። ጆሴፍ ላው፣ ኤሊዮት አንትማንና ባልደረቦቻቸው ስትሬፕቶካይኔዝ ስለተባለው፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ጊዜ የረጋውን ደም ስለሚያሟሟው መድኃኒት ከ1959 እስከ 1988 የተደረጉ 33 ጥናቶችን ሰበሰቡ። የተለመደው መንገድ ሁሉንም ደምሮ አንድ ውጤት ማውጣት ነው። እነሱ ግን በጊዜ ቅደም ተከተል ደረደሯቸው፤ የመጀመሪያውን ጥናት አስቀመጡ፣ ሁለተኛውን ደመሩበት፣ ሦስተኛውን ደመሩ፣ በየደረጃው ውጤቱ ምን እንደሚል ጻፉ። በ1973፣ ገና ስምንት ጥናትና 2,432 ሕሙማን ላይ ሲደርሱ፣ መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ ሒሳቡ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተጨመሩት ሕሙማን ከ34,000 በላይ ናቸው፤ መልሱን አላናወጡትም።

በዚያው ዓመት አንትማንና ጓደኞቻቸው ሁለተኛውን ግማሽ ጻፉ። የመማሪያ መጻሕፍትንና የባለሙያዎችን የግምገማ ጽሑፎች ከጥናቶቹ ጎን ለጎን አስቀምጠው በየዓመቱ ምን ይመክሩ እንደነበር አነጻጸሩ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕይወት እንደሚያድን ጥናቶቹ ሲመሰክሩ፣ መጻሕፍቱ ለዓመታት ወይ ዝም ብለውታል ወይ ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው ብለውታል። በአንጻሩ ሊዶካይን፣ ለመከላከያ ተብሎ ሲሰጥ ሞትን መቀነሱ ሳይረጋገጥ፣ መመከሩን ቀጥሏል። መጽሐፉን አምኖ ያከመ ሐኪም ምንም ጥፋት አልሠራም፤ የተሰጠውን ነው ያነበበው።

የአሜሪካ መንግሥት ራሱ መመሪያ ልጻፍ ብሎ የገባው በእነዚህ ዓመታት ነው። የጤና አገልግሎት ጥራትን እንዲያጠና የተቋቋመው የፌዴራል ኤጀንሲ በ1994 በዩጂን ብራውንዋልድ መሪነት ላልተረጋጋ የደረት ሕመም፣ በዚያው ዓመትም ለልብ ድካም መመሪያ አወጣ። ልቡን የነኩት መመሪያዎች በሰላም አለፉ። ያቃጠለው የጀርባው ነበር፦ ለወገብ ሕመም ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ እንደማያስፈልግ የሚናገረው የዚያው ዓመት መመሪያ የጀርባ ቀዶ ሐኪሞችን አስቆጣ፣ ቁጣው ኮንግረስ ገባ፣ በ1995 ኤጀንሲው ሊዘጋ ለጥቂት ተረፈ። በጀቱ ተቆርጦ ሲወጣ መመሪያ መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወ። ሌሎች የጻፉትን ማሰባሰብ ግን ማንንም አያስቆጣም።

ኢንተርኔቱም ደርሶ ነበር። በሰኔ 1997 ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ፐብሜድ የተባለውን የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ለሕዝብ በነጻ መክፈቱን አበሰሩ። ኤጀንሲው በበኩሉ ከአሜሪካ ሕክምና ማኅበርና ከጤና መድን ድርጅቶች ማኅበር ጋር ሆኖ የብሔራዊ መመሪያዎች ማከማቻ የተባለውን ድረ ገጽ በ1998 መጨረሻና በ1999 መግቢያ ላይ ሥራ አስጀመረ። ማከማቻው ዝም ብሎ ሊንክ የሚደረድር አልነበረም። ለእያንዳንዱ መመሪያ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ማጠቃለያ ይጻፍለት ነበር፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ በምን ማስረጃ፣ መቼ እንደታደሰ። ሁለት ማኅበራት ስለ አንድ ሕመም የተለያየ ነገር ሲሉም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻል ነበር። ሁለቱ የልብ ማኅበራትም አጭሩን ማጠቃለያ በመጽሔት እያተሙ ሙሉውን በድረ ገጻቸው መለጠፍ ጀመሩ።

ቀጥሎ የታየው ነገር ግን ሰነዱ ተገኘ ማለት ተሠራበት ማለት እንዳልሆነ ነው። በ2000 በደቡብ ምሥራቅ ሚሺጋን አሥር ሆስፒታሎች የሃርት አታክ መመሪያውን ወደ ዋርድ የማውረድ ሙከራ ውስጥ ገቡ። ይዘው የገቡት ዕቃ ለዓይን የሚሞላ አልነበረም፦ አስቀድሞ የታተመ የመግቢያ ኦርደር፣ የኪስ ካርድ፣ በሕመምተኛው የሕክምና ካርድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት፣ ሕመምተኛው ሲወጣ የሚሞላ ቅጽ። አስፒሪን መታዘዙን ሐኪሙ እንዲያስታውስ አይጠበቅበትም፤ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይጠብቀዋል። ራጀንድራ ሜታ፣ ኪም ኢግልና ሌሎች በ2002 እንደጻፉት፣ መመሪያውን መከተል የተሻሻለው በተለይ እነዚህ ወረቀቶች በተግባር የተሞሉላቸው ሕሙማን ዘንድ ነበር። በእነዚሁ ዓመታት የአሜሪካ የልብ ማኅበር ተመሳሳዩን ሐሳብ ወደ ኢንተርኔት ወስዶ አንድ ፕሮግራም ጀመረ፤ ነርሷ የሕመምተኛውን መረጃ ድረ ገጹ ላይ ስትሞላ የጎደለው ሕክምና እዚያው ብቅ ይላል።

የዚህ ሁሉ ልፋት ዋጋ ስንት ነው ለሚል፣ በ2006 ኤሪክ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው 350 ሆስፒታሎችንና 64,775 ሕሙማንን ተመልክተው መልስ ሰጡ። መመሪያው ይሰጥ ያለው ሕክምና በተግባር የተሰጠው ከሚገባበት ጊዜ 74 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ሆስፒታል በዚህ መለኪያ አሥር ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር በሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድል በአሥር በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ታይቷል።

ይህ ሁሉ ኮምፒውተርና መስመር ባለበት አገር ነው። በጥር 2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን መርሐ ግብር ሲጀምር፣ ኢትዮጵያ ከ1,000 በላይ የሕክምና መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ማንበብ ከተፈቀደላቸው አገሮች መካከል ነበረች። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ ኢንተርኔት አይጠቀምም። የማለፊያ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም ስለሆነ ደግሞ በሩ የሚከፈተው በሕክምና ትምህርት ቤቶችና በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ወረዳ ላይ የተመደበ ጤና መኮንን የሚመራው ከትምህርት ቤት ይዞት በወጣው ማስታወሻና ከሚኒስቴሩ በደረሰው መጽሐፍ ነበር።

መመሪያዎቹ ራሳቸው ደግሞ አበጡ። ፒየርሉዊጂ ትሪኮቺና ጓደኞቻቸው በ2009 የሁለቱን የአሜሪካ የልብ ማኅበራት መመሪያዎች ከ1984 ጀምረው ቆጠሯቸው፤ 53 መመሪያ፣ 7,196 ምክር። የማስረጃ ደረጃ ከተሰጣቸው በሥራ ላይ ያሉ መመሪያዎች ምክሮች ውስጥ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት 11 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የቆሙት በባለሙያዎች አስተያየት ወይም በጥቂት ጥናት ላይ ነው። የበዛ ሰነድ በኢንተርኔት ሲለቀቅ የበዛ ሰነድ ነው። ፒዲኤፍ በስልክ ስክሪን ላይ በሁለት ጣት እየለጠጠ ሠንጠረዥ ለማንበብ የሞከረ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

ያኔ መመሪያው ራሱ ማስሊያ ሆኖ መጣ። በኅዳር 2013 ሁለቱ ማኅበራት የኮሌስትሮል መመሪያቸውን ሲያወጡ የአሥር ዓመት አደጋ ማስሊያ በኢንተርኔት አያይዘው ለቀቁ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ዘር፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል፣ የላይኛው ደም ግፊት፣ የግፊት መድኃኒት ይወስዳል ወይ፣ ስኳር አለበት ወይ፣ ያጨሳል ወይ፤ ይሞላል፣ በመቶኛ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩ 7.5 ከደረሰ ስለ ስታቲን፣ ኮሌስትሮልን ስለሚቀንሰው መድኃኒት፣ መነጋገር ይጀመራል። ቀናት ሳያልፉ ፖል ሪድከርና ናንሲ ኩክ ከራሳቸው ጥናቶች ጋር አስተያይተው ማስሊያው አደጋውን ከ75 እስከ 150 በመቶ አጋንኖ ያሳያል አሉ። የክሊቭላንድ ክሊኒኩ ስቲቨን ኒሰን ለኒው ዮርክ ታይምስ የሰጡት ምሳሌ ከሁሉም ይታወሳል፦ የ60 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ፣ ኮሌስትሮሉ 150፣ ግፊቱ 125፣ ስኳር የለበት፣ አያጨስ፤ ማስሊያው ግን 7.5 ብሎ አወጣው።

አዘጋጆቹ ተከራከሩ፣ መመሪያው ጸንቶ ቆየ፣ ማስሊያውም የስልክ መተግበሪያ ሆነ። በዚያ ክርክር ውስጥ ግን አዲስ ነገር ነበር። ዘጠኙን ገጽ ለመተቸት ወራት ይፈጅ ነበር፤ ይህን ግን ማንም ሐኪም ማታ ቤቱ ተቀምጦ ቁጥር እየቀያየረ ሊፈትነው ቻለ። ዘር የሚለው ሳጥን ደግሞ ነጭ፣ አፍሪካዊ አሜሪካዊ ወይም ሌላ ከማለት ውጪ ምርጫ አልነበረውም። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር በጎንደር ለተወለደ ሰው የትኛው ይነካ? በዚያ ቀመር ውስጥ የገቡት ጥቁሮች አሜሪካ ውስጥ የተጠኑ ናቸው። ሳጥኑ የጠፋው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ በ2023 የልብ ማኅበሩ ያወጣው አዲስ ቀመር፣ ከስድስት ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን መረጃ ላይ ተሠርቶ፣ ዘርን ትቶ የኩላሊትን ሥራ አስገባ።

ከ2015 ወዲህ መመሪያውን ከወረቀት ቅርጹ ጨርሶ የማላቀቅ ሥራ ተፋጠነ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የልብና ሳንባ ማነቃቂያ መመሪያውን በዚያ ዓመት በድረ ገጽ ላይ እንደሚኖርና እንደሚታደስ ሰነድ አድርጎ አወጣው። በ2016 ኖርዌያዊው ሐኪም ፐር ኦላቭ ቫንድቪክ፣ ከካናዳዊው ጎርደን ጋያትና ከሌሎች ጋር፣ ከቢኤምጄ መጽሔት ጋር ተባብረው ፈጣን ምክር የተባለውን ጀመሩ። የመጀመሪያው ርእስ የልብ ነበር፦ የጠበበ የአኦርታ በር ያለበት ሰው ደረቱ ተከፍቶ ይቀየርለት ወይስ በእግር ደም ሥር በሚገባ ቱቦ? አዲሱ ትልቅ ጥናት በሚያዝያ ወጥቶ ምክሩ በመስከረም ተለቀቀ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ። ስክሪኑ ላይ በዕድሜ ተከፍሎ ይታያል፤ ከ65 በታች ለሆነ ሰው ቀዶ ሕክምናው፣ 85 ለሞላው ቱቦው በጠንካራ ምክር ይደገፋል፣ በመሐል ያሉት ዕድሜዎች ምክራቸው ደካማ ነው፣ ከሕመምተኛው ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። ማስረጃውን ማየት የፈለገ አንድ ጊዜ ሲነካ ከሥሩ ይከፈትለታል።

በ2017 ደም ግፊትን ከ130 በ80 ጀምሮ የሚቆጥረው የአሜሪካ መመሪያ ሲወጣ፣ ርዝመቱ ከ100 ገጽ ቢያልፍም አወቃቀሩ ተቀይሮ ነበር። እያንዳንዱ ርእስ የምክር ሠንጠረዥ፣ አጭር ማጠቃለያ፣ ለእያንዳንዱ ምክር ማብራሪያ፣ በሊንክ የታሰሩ ጥናቶች አሉት። አንዱ ክፍል ሲያረጅ እሱን ብቻ ነቅሎ መተካት እንዲቻል የታሰበ ነው።

ከዚያ በሐምሌ 16 ቀን 2018 ብሔራዊው ማከማቻ ተዘጋ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው። በዓመት 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ ድረ ገጽ ነበር፤ ለአሜሪካ የጤና በጀት ይህ የጠብታ ጠብታ ነው። ገንዘቡ ሲቋረጥ ማጠቃለያዎቹ ከሕዝብ ዓይን ተነሡ። ማከማቻውን በኮንትራት ያስተዳድር የነበረው ኢክሪ የተባለ ድርጅት በዚያው ዓመት በራሱ ወጪ ምትክ ከፈተ፤ ሥራው ግን ከሕዝብ እጅ ወጥቶ ነበር። ኤጀንሲው በ1995 ከጀርባ ቀዶ ሐኪሞች ቁጣ ተርፎ ነበር፤ ማከማቻውን ግን አንድ የበጀት መስመር ያለ ጫጫታ ዘጋው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያው ሰሞን የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። ጤና ሚኒስቴር፣ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ሽግግር ክፍል በደቡብ አፍሪካ ከሳንባ ሕመም ጀምሮ ያዳበረውን ፓክ የተባለ መጽሐፍ ከአገሩ ሁኔታ ጋር አስማምቶ በ2017 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ክሊኒካዊ መመሪያ አድርጎ አወጣ። መጽሐፉ በበሽታ ስም አይጀምርም፤ ሕመምተኛው ይዞ በሚመጣው ስሜት ይጀምራል። ደረቴን አመመኝ ያለ ሰው ሲመጣ ያ ገጽ ይገለጣል፤ አናቱ ላይ ቶሎ የሚያስቸኩሉ ምልክቶች፣ ከዚያ ሪፈር ከመጻፉ በፊት ምን እንደሚደረግ፣ ከሥር ረጋ ብሎ የሚታየው። ሥልጠናውም ሠራተኛውን ሆቴል ወስዶ ሳምንት ከማስቀመጥ ይልቅ በጤና ጣቢያው ውስጥ፣ በአጫጭር ጊዜ፣ በጋራ ሆኖ በሕመምተኛ ታሪክ ላይ መወያየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓለምን በ21 አካባቢ ከፍሎ ያወጣው የልብና የደም ሥር አደጋ ሠንጠረዥም ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ይመቻል፤ ኮሌስትሮል መመርመር ለማይችል ጤና ጣቢያ በክብደትና ቁመት የሚሠራ ገጽ አለው፣ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ስልክ ያለው ኢንተርንና ሬዚደንት ደግሞ ቴሌግራም አለው። የአውሮፓም የአሜሪካም መመሪያ ፒዲኤፍ ከቡድን ወደ ቡድን ይዞራል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ዳታ ይከፈታል፣ ራውንድ ላይ ፕሮፌሰሩ ሲጠይቁ ይወጣል። ችግሩ ፋይሉ አርጅቻለሁ አይልም። አዲሱ እትም ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖት አሮጌው እየተላለፈ ሊቆይ ይችላል። ቢሆንም የወረደ ፋይል ዋጋ አለው፤ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በትግራይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለመቐለው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ሊቀርላቸው የሚችለው አስቀድመው ያወረዱት ነበር። መድኃኒቱ ግን እንደ ፋይል አይወርድም፣ እሱም አልቆ ነበር።

ለኢትዮጵያ ከልብ ሕመሞች ሁሉ የቀረበው ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የሩማቲክ ትኩሳት መለያ መስፈርትን በ1944 የጻፉት አሜሪካዊው ዳኬት ጆንስ ነበሩ፤ ሕመሙ ከአሜሪካ እየጠፋ ሲሄድ መስፈርቱ ልጆችን ያለ አግባብ ታማሚ እንዳያደርግ በየእትሙ እየጠበበ ሄደ፣ ሕመሙ ባልጠፋባቸው አገሮች የጠበበው መስፈርት ብዙ ልጅ ሳይለይ የሚያሳልፍ ሆነ። በ2015 ብቻ ነው የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሕመሙ ለሚበዛባቸው ሕዝቦች ለየት ያለ፣ ላላ ያለ መስፈርት ያስቀመጠው፤ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድም በዚያው አስገባ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት፣ የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ተሰብስበው ሕመሙን ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎችን የዘረዘረ መግለጫ አወጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለዚህ ሕመም በ2004 ካሳተመው የባለሙያዎች ሪፖርት ወዲህ ሙሉ መመሪያ ያወጣው በ2024 ነው። በመሐል ሃያ ዓመት አለ። አዲሱን ሰነድ ማንም ከድርጅቱ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ያወርደዋል። ለጤና ጣቢያ በሚሆን መጠን አሳጥሮ፣ መከላከያ መርፌው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየስንት ሳምንቱ፣ በማን እጅ እንደሚወጋ ወደ አገር መመሪያው የማስገባቱ ሥራ የየአገሩ ጤና ሚኒስቴር ነው።